የባላምባራስ ቀናው ዝርዝር

«ስንት ቤት ነው?» አለ አንደኛው።

«ሰባት» አለ ሌላው። ወይም «ሰባት ይሆናል» ብሎም ይሆናል። ከዚያ ስለ ውሻ ተነሣ፤ የትኛው ቤት ውሻ እንዳለ ተጠየቀ፤ መልሱ ግን ከጆሮዬ ጠፍቷል። ቀጥሎም ያው ሁለተኛው ድምፅ፣ «እኔ ቤቱን አሳያለሁ እንጂ እጄን አላነሣም» አለ። ይህችን እንዳለች ይዣታለሁ። ይዣታለሁ ብዬ አምናለሁ ማለቱ ይሻላል፤ ሃያ ስድስት ዓመት በሰው ሆድ ውስጥ የተመላለሰ ቃል ጠርዙ መበላቱ አይቀርም።

ቀኑ የካቲት 14፣ ዘመኑ 1929 ነበር። እሑድ ጧት፣ ገና ሲነጋጋ። እኔ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎረምሳ ስሆን አቃቂ ጣቢያ ለባቡሩ ውኃ እቀዳ ነበር። ዓርብ ዕለት አዲስ አበባ ላይ ቦምብ ተጥሎ ጣሊያን ያገኘውን ሁሉ እየገደለ ነው ሲባል ሰምተን ስለነበር፣ እኔ ሌሊቱን ያደርኩት ከሐዲዱ ሥር በሚያልፈው የውኃ መውረጃ ውስጥ ነው። ሁለቱ ሰዎች ከራሴ በላይ ቆመው ነበር የተነጋገሩት። ወደ መንደሩ ሲወርዱ ያየሁት ጀርባቸውን ብቻ ነው፤ ከፊት ጋቢ የተከናነበ ሰው፣ ከኋላው ወታደሮች። መንደራችን ማዶ ተዳፋቱ ላይ ስለነበር ከተደበቅኩበት ሆኜ ሁሉም ይታየኛል። ቤት በቤት አቃጠሉት። ከሰባት ቤት ሰባት ሰው ገድለው ወንዝ ውስጥ ጣሏቸው። ወንዙ ወሰዳቸው፤ አንዳቸውም አልተቀበሩም።

ከሰባቱ አንዱ መሪጌታ ወልደየሱስ ናቸው፤ ፊደል ያስቆጠሩኝ። ዳዊት አጋማሽ ላይ ነበርኩ። ከእሳቸው በኋላ ያስተማረኝ የለም፤ የቀረውን ዳዊት ብቻዬን ደገምኩ፣ ሌላውን ደግሞ ጨው ከተጠቀለለበት ጋዜጣና ከሰው አፍ ለቃቀምኩ።

ያ ድምፅ የቀናው መሰለኝ። ቀናው ያኔ ማዕረግ አልነበረውም፤ ከመንደራችን ከፍ ብሎ የሚኖር፣ ሊናገር ሲል ጉሮሮውን የሚጠርግ፣ ረጋ ያለ ሰው ነበር። ይሁንና «መሰለኝ» ምስክርነት አይሆንም። በሐሰት አትመስክር የተባለው ግማሽ የሰማ ሰው ሙሉውን እንዳይምል ጭምር ነው ብዬ ዝም አልኩ። ዝም ማለት ግን መተው አይደለም። በየጧቱ አቡነ ዘበሰማያት ስደግም፣ የበደሉንን ይቅር ስለ ማለት የሚናገረው ላይ ስደርስ ከንፈሬን እገጥማለሁ። ያን ዘልዬ ቀሪውን እጨርሳለሁ። ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩትም።

ጣሊያን ሊወጣ ወራት ሲቀረው ቀናው ጠመንጃ ይዞ በየረር በኩል ወረደ፤ በረሃ ነበርኩ አለ፤ ማዕረግም አገኘ። ነገረኛ ጎረቤቶቼ «ሠርጉ ሲያልቅ የመጣ ሚዜ» ይሉት ነበር፤ በሹክሹክታ። በኋላ ግን የጨርቁ ፋብሪካ ሲቋቋም ባላምባራስ ቀናው የሠራተኛ ቅጥር ኃላፊ ሆነና ሹክሹክታውም ቀረ። ልጁን ፋብሪካ ማስገባት የማይፈልግ ማን አለ? እኔንም የቀጠረኝ እሱ ነው። ማስታወቂያ እጽፋለሁ፣ ለማያነብ ሠራተኛ ደብዳቤ አነባለሁ፣ የቀረውን ሰዓት እሰማለሁ።

በኋላ አገር ስላወቀው ቃል ልናገር። ነጻነት ከተመለሰ በኋላ በመጀመሪያው የካቲት፣ በ1934 ማለት ነው፣ የአናጢው የፀሐዩ ሚስት እትዬ ፈለቀች ጣሳ ሙሉ ኖራ ይዛ መጣችብኝ። ባሏ ከሰባቱ አንዱ ነው። የባቡሩ ድልድይ አጠገብ ወዳለው የድንጋይ ግንብ ወስዳኝ «ጻፍልኝ» አለች። ምን ልጻፍ ብላት ብዙ አላሰበችም፤ «ያልተቀበሩትን አስቡ» አለችኝ። እኔ በከሰል ጻፍኩ፣ እሷ ፊደል ሳታውቅ በሣር መጥረጊያ እየነከረች በኖራ ተከተለችኝ። ክረምት ሲያጥበው በየካቲት እናድሰዋለን። ከባቡር ላይ ያየው ሰው ወሰደው፤ ከዓመታት በኋላ አዲስ አበባ ላይ በየካቲት 12 ሰልፍ በጨርቅ ተጽፎ ታየ፣ ተማሪ ቤት ተባለ፣ በራዲዮ ተነገረ። ከማን አፍ እንደወጣ የጠየቀ የለም። እትዬ ፈለቀችንም አልቆጫትም።

በ1955 ኅዳር ላይ አቶ ፈቀደ የሚባል መነጽር ያደረገ ወጣት ከአዲስ አበባ መጣ። በአማርኛ አንድ ትልቅ መዝገበ ዕውቀት እየተዘጋጀ ነው፤ የአገሩ ነገር ሁሉ በፊደል ተራ የሚገባበት። ስለዚህ ቃልም ግማሽ ገጽ ተመድቦለታል። ልጁ መጀመሪያ ፋብሪካው ቢሮ ጠይቆ ወደ ባላምባራስ መርተውታል፤ እሳቸው ያሉትን ጽፎ ሄዷል። አሁን አገሩን የሚያውቅ፣ ጽሑፍ የሚችል ሰው ረቂቁን አይቶ እንዲያርመው ፈለገ። ባላምባራስ ራሳቸው ናቸው እኔን የሰጡት። «በቀለን ውሰድ» ብለውታል። «ጽሑፍ ያውቃል፤ አፍ የለውም።»

ረቂቁን የፋብሪካው ዘበኛ ቤት ደጃፍ፣ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ አነበብኩት። ነገሩ እንዲህ ይላል፦ ቃሉን በ1934 ዓ.ም. ያፈለቁትና በራሳቸው ወጪ ግንብ ላይ ያስጻፉት ባላምባራስ ቀናው ናቸው። እርሳቸው በየካቲት 1929 በየረር በረሃ ከአርበኞች ጋር ስለነበሩ በመንደሩ ላይ የደረሰውን የሰሙት ከወራት በኋላ ሲሆን፣ ኀዘናቸውን በዚህ ቃል ገለጹ። የሟቾቹ ስም የሚከተለው ነው። ከዚያ ሰባት ስም።

ገጹን አጥፌ ዳዊቴ ውስጥ ከተትኩት።

ለአቶ ፈቀደ የመጀመሪያው አረፍተ ነገር ስሕተት መሆኑን ነገርኩት፤ ከሰሉን የያዝኩት እኔ ነኝ፣ ኖራውን የቀባችው እትዬ ፈለቀች ናት። ልጁ አልተቆጣም፤ የቢሮውን ደንብ አስረዳኝ። ስድብም ውዳሴም አይጽፉም፤ ሁለት ሰው በዓይኑ ያየውን ብቻ ነው የሚጽፉት። ቃል የሰጠ ሰው ደግሞ የመጨረሻውን ገጽ ራሱ ጮክ ብሎ አንብቦ ይፈርማል፤ ሳያነቡ ፈርመው በኋላ የካዱ ሰዎች ስላስቸገሯቸው ነው። ቃል ሰጪው አልፈርም ካለ ጽሑፉ በሙሉ ይወጣል።

«ስሞቹንስ እንዴት ሰጡዎት?» አልኩት።

«እሱ ነው የገረመኝ፣ ጋሼ በቀለ። ዓይናቸውን ጨፍነው በአንድ ትንፋሽ ቆጠሩልኝ። ሳያቆሙ። እኔ እንኳ የወንድሞቼን ስም እንዲያ አልቆጥርም።»

ያን ዕለት ቤቴ ገብቼ ዝርዝሩን ደጋግሜ አየሁት። አሻግሬ ሐዲድ ጠባቂው። ዳሲቱ ጠላ ሻጯ። ጣሰው ነጋዴው። ፀሐዩ አናጢው። አቶ መገርሳ። መሪጌታ ወልደየሱስ። ዋቅጅራ።

የሆነ ነገር አላማረኝም፤ ምን እንደሆነ ግን ወዲያው አልገባኝም። በእኛ ዘንድ የሞቱ ሰዎች ስም ሲጠራ ሥርዓት አለው። ካህን ይቀድማል። ከዚያ ሽማግሌው፣ ባለርስቱ፤ ከዚያ ጎልማሳው፤ ሴት ወደ መጨረሻው ትጠራለች፣ ትክክል ነው አልልም፣ ልማዱ ግን ይኸው ነው። ለተዝካር ስም የሚሰጥ ጨቅላ እንኳ ይህን አይስትም። ባላምባራስ ቀናው ደግሞ ደብሩ ውስጥ የማይታጡ፣ ቄሰ ገበዝ የሚያማክራቸው ሰው ናቸው። ታዲያ እንዴት ነው ጠላ ሻጯን ሁለተኛ፣ መሪጌታውን ስድስተኛ የጠሩት? እንደ አሻግሬ ያለ ሐዲድ ጠባቂ ባለርስቱን አቶ መገርሳን ቀድሞ የተጠራው በምን ሚዛን ነው?

ጣቴን በወረቀቱ ላይ ሳስኬድ እግሬ ነው ያወቀው። አሻግሬ ቤቱ ሐዲዱ ሥር ነበር። ወርደህ ወንዙ መሻገሪያ ላይ ዳሲቱ፤ አጠገቧ ጣሰው። ተዳፋቱን ስትወጣ ፀሐዩ፣ ትከሻው ላይ አቶ መገርሳ፣ ከላይ ቤተ ክርስቲያኑ ጥግ መሪጌታ። ከዚያ በሌላው መንገድ ስትወርድ ዋቅጅራ። ይህ የሰው ዝርዝር አይደለም፤ መንገድ ነው። ሰውየው ዓይኑን ጨፍኖ ስም አልቆጠረም፤ ሄደ።

በማግሥቱ እትዬ ፈለቀች ዘንድ ሄድኩ። ዝርዝሩን አላሳየኋትም፤ ይዤ መምጣቴንም አልነገርኳት። ምስር ትለቅም ነበር። ያን ጧት እሷ እህቷ ወልዳ ለአራስ ጥየቃ ማዶ ኮረብታው ላይ ስላደረች ነው የተረፈችው፤ እሳቱን ያየችው ከዚያ ነው። እኔ ከሐዲዱ በኩል፣ እሷ ከኮረብታው በኩል። ስላየነው ነገር አንድም ቀን ተነጋግረን አናውቅም።

«እትዬ ፈለቀች፣ ያን ጧት እሳቱ ከየት ጀመረ?» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። «ሃያ ስድስት ዓመት ሳትጠይቀኝ ዛሬ ምን አመጣው?»

«ጠይቀኝ የሚል ወረቀት መጣ።»

ከሰፌዱ አንድ ፍሬ ምስር አንስታ ጠርዙ ላይ አስቀመጠች። «አሻግሬ» አለች። ሁለተኛ ፍሬ። «ዳሲቱ። ጮኻለች፣ ድምፅዋ እኛ ድረስ ተሰምቷል።» ሦስተኛ፣ ጣሰው። አራተኛውን ፍሬ ስታስቀምጥ ስም አልጠራችም። እኔም እንድትጠራ አልጠየቅኩም። ከዚያ መገርሳ፣ ከዚያ መሪጌታ፣ ከዚያ ዋቅጅራ። ሰባቱን ምስር ቆጠርኩ። በወረቀቱ ላይ ካለው አንድ አልተዛነፈም፤ በእኔ ዓይን ውስጥ ካለውም አልተዛነፈም።

ያኔ ረቂቁን አውጥቼ አነበብኩላት። ቃሉን ያፈለቁት ባላምባራስ ቀናው ናቸው የሚለው ላይ ስደርስ ሳቀች። ጥሩ ሳቅ አልነበረም።

«ባሌን በላ» አለች፣ «አሁን ደግሞ አፌ ውስጥ ያለችውን ሊቀማኝ መጣ? ጉርሻው አልበቃውም?»

እኔ ያን ድምፅ እንደሰማሁ ነገርኳት። ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ለምን እስከዛሬ ዝም አልክ ብላ ትሰድበኛለች ብዬ ነበር፤ አልሰደበችኝም። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስሙን መጽሐፉ ላይ «ባንዳ» ብዬ መጻፍ እችል እንደሆን። አይቻልም አልኳት፤ ፊቱን አላየንም፣ ድምፁን ደግሞ የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ፣ እሱም ግማሹን። ስድብ ደግሞ አይጽፉም።

«እንግዲያ ምን ልትጽፍ ነው?»

«ያየነውን። እሱ ያለውን። ሌላ ምንም።»

ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ጽሑፍ ማረም ማለት መጨመር ሳይሆን መቀነስ እንደሆነ ያኔ ነው የተማርኩት። በቀል እንዲህ ጸጥ ያለ ሥራ መሆኑንም አላውቅም ነበር። እያንዳንዱን ቃል በየጧቱ ከጸሎት በኋላ አነሣዋለሁ፣ እጥላለሁ፣ መልሼ አስገባለሁ። በስተመጨረሻ ቃሉን ማን እንደጀመረው ከሚናገረው በታች ሦስት አረፍተ ነገር ቀረ፦

«የሟቾቹን ስም ከላይ በተጻፈው ቅደም ተከተል የሰጡት ባላምባራስ ቀናው ናቸው። የካቲት 14 ቀን 1929 ዓ.ም. ጧት ቤቶቹ የተቃጠሉት በዚሁ ቅደም ተከተል እንደነበረ፣ በተለያየ ቦታ ሆነው ያዩ ሁለት ምስክሮች አረጋግጠዋል። ባላምባራስ ቀናው በዚያ ጧት በመንደሩ እንዳልነበሩ፣ የሆነውንም ከወራት በኋላ እንደሰሙ ገልጸዋል።»

አቶ ፈቀደ ሲያነበው መጀመሪያ ቶሎ ነበር። ሁለተኛ ሲያነበው ቀስ አለ። ሦስተኛ ሲያነበው መነጽሩን አወለቀ። የጠየቀኝ አንድ ነገር ነው፤ የትኛው አረፍተ ነገር ምስክር እንደጎደለው። አንዱም አልጎደለውም። «በደንባችን መሠረት የማወጣበት ምክንያት የለኝም» አለ። «የሚያስፈርሙት ግን እርስዎ ነዎት። እኔ እዚያ ቢሮ አልገባም።»

ገባሁ። ባላምባራስ ወንበራቸው ላይ ተደላድለው ነበር፤ ስድሳ ዓመት አልፏቸዋል፣ ጢማቸው ነጭ ነው። ገጹን ሰጠኋቸው። ቃሉን የጀመረችው ፈለቀች ናት የሚለውን ሲያነቡ ቅር ብሏቸው ከንፈራቸውን ነከሱ፤ ከታች ያለውን ሲያነቡ ግን ፊታቸው ላይ ምንም አልታየም። ገጹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ፤ መልሰው አነሡት።

«መሪጌታን ወደ ላይ አውጣው» አሉ።

«እርስዎ የሰጡት እንዲህ ነው።»

«ተሳስቼ ነው።»

«የቱ ላይ ነው የተሳሳቱት?»

ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ያን ጊዜ፣ አልዋሽም፣ ደስ አለኝ። ከአንገቴ እስከ እግሬ የወረደ ደስታ ነው። ጾም ሲፈታ እንኳ እንዲያ ተሰምቶኝ አያውቅም።

«ከሰው ሰምቼ ነው» አሉ።

«ከማን? ስሙን ልጨምርና እሱም ይፈርም።»

መስኮቱን አዩ። ውጭ የጥጥ ጭነት ይወርድ ነበር። «በቀለ፣ እግዚአብሔርን የምትፈራ ሰው ትመስለኝ ነበር።»

«እፈራዋለሁ፣ ባላምባራስ። ምንም ያልጨመርኩት ለዚህ ነው።»

አልፈረሙም። በማግሥቱ ከጽሕፈት ሥራ ወደ ጥጥ መጋዘን ተዛወርኩ፤ ማስታወቂያውን የሚጽፍ ሌላ ሰው ስላልነበረ የራሴን መዛወሪያ ራሴ ጻፍኩት። በጥሩ እጅ ጽሑፍ። ሰሌዳው ላይ ለጥፌው መጋዘን ገባሁና ቤል የሚሉትን የጥጥ እስር መሸከም ጀመርኩ። ወገቤ ለዚህ የተሠራ አልነበረም፤ ግን አላማረርኩም። ሃያ ስድስት ዓመት የጠበቀ ሰው ለጥቂት ሳምንት አይቸኩልም።

ችኮላው የአቶ ፈቀደ ነበር። ቃሉ ያለበት የ«ያ» ፊደል ገጾች በጥር መጨረሻ ማተሚያ ቤት ይገባሉ፤ ፊርማው እስከዚያ ካልመጣ ቃሉም፣ ስሞቹም፣ ሁሉም ይወጣል። ይህን ለእትዬ ፈለቀች ስነግራት ያዘንኩት እኔ ነበርኩ። እሷ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች።

«ይውጣ» አለች። «ግንቡን ማን ነሣኝ?»

ያን ቀን ከቦኖው ውኃ ስትቀዳ፣ ሰልፈኛው ሁሉ እየሰማት፣ ዘንድሮ ለየካቲት ብዙ ኖራ እንደምትበጠብጥ ተናገረች። እስከዛሬ ሁለት ቃል ብቻ ነበር፤ ዘንድሮ ሦስት አረፍተ ነገር ይጨመርበታል። በቀለ ጽፎ ጨርሷል፣ እኔ መቀባት ብቻ ነው የቀረኝ አለች። ምን የሚል አረፍተ ነገር ነው ብለው ሲጠይቋት «ከባቡሩ ላይ ታነቡታላችሁ» ብላ እንስራዋን አዝላ ሄደች። ወሬው ፋብሪካው በር እስኪደርስ ሁለት ሰዓት አልፈጀም። እኔ መጋዘን ውስጥ ሆኜ ሰማሁት።

በጥር ሃያ ስድስት፣ እሑድ፣ ቅዳሴ እንደተበተነ አቶ ቡልቻ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው እትዬ ፈለቀች ቤት መጡ። ልካብኝ ስለነበር እኔም እዚያ ነበርኩ። አቶ ቡልቻ በሰፈሩ የታወቁ አስታራቂ ናቸው፤ ኦሮሞውም፣ አማራውም፣ ጉራጌውም ደም ሲያደርቅ የሚጠራው እሳቸውን ነው። ከተቀመጡ በኋላ ባላምባራስ ውጭ ቆመዋል አሉ። ድንጋይ ተሸክመው። ይቅርታ ሊጠይቁ።

በተከፈተው በር አየኋቸው። አጥሩ ሥር፣ ፀሐይ ላይ፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ ድንጋዩ ማጅራታቸው ላይ። ላባቸው ይንጠባጠባል። ሐዘኔታ ይመጣብኝ እንደሆን ጠበቅሁ። ጥቂት ጊዜ ሰጠሁት። አልመጣም።

«ድንጋዩን ከየት አመጣው?» አለች እትዬ ፈለቀች።

«ከወንዙ ዳር ነው መሰለኝ» አሉ አቶ ቡልቻ።

«ይመልሰው። እዚያ ሰው አለብኝ።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አቶ ቡልቻ በትዕግሥት፣ ድንጋይ ተሸክሞ ከደጅ የቆመን ሰው መመለስ በእኛ አገር ነውር እንደሆነ አሳሰቧት።

«ነውር አያስፈራኝም» አለች። «አንድ ነገር ግን ይንገሩኝ፣ አቶ ቡልቻ። ይቅርታው ለፀሐዩ ነው ወይስ ለግንቡ? እኔ ስለ ኖራ ባላወራ ኖሮ ያ ድንጋይ ዛሬ ከወንዙ ይነሣ ነበር?»

አዋቂ ሰው ናቸውና አልተከራከሯትም። ታዲያ ምን ይሁን አሏት። እሷ ወደ እኔ አየች፤ እኔ ገጹን ከዳዊቴ አውጥቼ ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁት። ይፈርምልኝ አለች፤ ከፈረመ ግንቡ ላይ እንደ ወትሮው ሁለት ቃል ብቻ ይጻፋል።

አቶ ቡልቻ ወጥተው ሲመለሱ ባላምባራስ ፊርማውን እሺ ብለው ነበር፤ ግን ሁለት ነገር ይፈልጋሉ፤ መሪጌታ ወደ ላይ ይውጡ፣ ፊርማውም በሳቸው ቢሮ፣ በሩ ተዘግቶ ይሁን። አቶ ቡልቻ ወደ ሁለቱ ሽማግሌዎች ዞር ሲሉ እሷ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ለእኔ ብቻ፣ «ከግንብ መጽሐፍ ያንሳል ብሎ ነው» አለችኝ። «ኖራን ክረምት ያጥበዋል። መጽሐፍን የሚያጥበው ምንድነው፣ በቀለ?»

«እኔ የማውቀው ነገር የለም» አልኳት።

ስሞቹ ከቦታቸው ንቅንቅ አይሉም ተብሎ ተላከ። በሩም አይዘጋም። ሁለተኛው መልስ ሲመጣ ስሞቹ ባሉበት ይቅሩ ብለዋል፤ በሩም ገርበብ ይበል። እትዬ ፈለቀች ገርበብ የሚባል በር አላውቅም አለች። በዚህ ጊዜ ነው እኔ የተናገርኩት፤ እስከዚያ አፌን አልከፈትኩም። የቢሮው ደንብ ቃል ሰጪው ጮክ ብሎ አንብቦ ይፈርም እንደሚል ለአቶ ቡልቻ ነገርኳቸው። ለማን ነው ጮክ የሚለው ሲሉኝ ከየቤቱ አንድ አንድ ሰው ይቁም አልኩ፤ ለአሻግሬ ልጁ፣ ለዳሲቱ እህቷ፣ እንዲያ እያለ እስከ ዋቅጅራ። መሪጌታ ዘመድ የላቸውም፤ ለእሳቸው የምቆመው እኔ ነኝ።

አቶ ቡልቻ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተም፣ በቀለ?» አሉኝ። «ከአንተ ምሕረት ነበር የጠበቅሁት።»

«እኔም ከራሴ ጠብቄ ነበር፣ አባቴ።»

እየከበዳቸው ተነሥተው ወጡ። በዚህኛው ቆዩ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ስለ ዘንድሮው ዝናብ ማውራት ጀምረው አቋረጡት። ከአጥሩ ሥር የአቶ ቡልቻ ድምፅ ይሰማል፣ ከዚያ ጉሮሮ ሲጠረግ። ድንጋዩ መሬት ላይ ሲወድቅ ሰማን። እትዬ ፈለቀች ወደ በሩ አልዞረችም።

አቶ ቡልቻ ገብተው አልተቀመጡም። በትራቸውን ተደግፈው፣ ለማንም ሳይሆን ለመካከሉ ተናገሩ።

«ሐሙስ፣ ከጧቱ አንድ ሰዓት፣ ፈረቃ ሲለዋወጥ። ፋብሪካው በር ላይ፣ የዘበኛው ቤት፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ። ሰባቱ ሰዎች ፊቱ ይቆማሉ። ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው ራሱ ጮክ ብሎ ያነባል፤ ካነበበ በኋላ ይፈርማል። እሺ ብሏል።»